የከድሩ ተራራ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚንሃ አባት፣ ለእኔው ለከድሩ
ወራቤ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብሎ የሚጀምረው ለወጉ ያህል ነው። እኔ ግን የምሬን ነው የምጠይቅህ። ደረትህ እንዴት ነው? ከመስጊድ ወደ እህትህ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ እየቆምክ ነው ወይስ ሳትቆም ትደርሳለህ? ስትተኛ ትራስ ደራርበህ ነው ወይስ እንደ ሰው ተጋድመህ? እህትህን «ደህና ነኝ» እያልክ እንደምታሳልፋት አውቃለሁ። እኔን እንደሷ እንዳታሳልፈኝ። መልሱን ለወንድምህ ልጅ ለኡዘይር በቃል ንገረው፤ እሱ ውሸት አይችልበትም፣ ጆሮው ይቀላል።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሚንሃ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ወልቀው «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ ፉጨት ሆኖባታል። አስተማሪዋ ስታስነብባት ክፍሉ ይሥቃል፤ እሷም አብራ ትሥቃለች። በዚህ አንተን መስላለች።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ?» ትለኝ ይሆናል። ስልኬ ሰሞኑን አመል አውጥቷል፤ አንተም ብዙ ስታወራ ትንፋሽ ያጥርሃል። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፤ ስትደውል ከእኔ ድምፅ በፊት የምትጠይቀው የመጋዙን ድምፅ ነው። «እስኪ ማሽኑን አሰሚኝ!» ትለኛለህ። እኔም ግቢ ወጥቼ፣ ስልኩን ወደ መጋዙ ዘርግቼ፣ ሠራተኛችን ተረፈ እየሣቀብኝ እቆማለሁ። አንተ እዚያ ሆነህ «ጥርሱ ደንዟል፣ ይሞረድ በይው ለተረፈ» ትላለህ። እኔን አንድ ቀን «ድምፅሽ ደክሟል» ብለኸኝ ታውቃለህ? እየቀለድኩ ነው፤ ግማሹን።

የሄድክበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ሐኪሙ የደረትህን ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቅሎ «ሳንባህን የእንጨት ብናኝ ጎድቶታል፤ ከአቧራው ካልራቅህ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም» ሲልህ እኔ አለቀስኩ። መኖሪያችንና መጋዙን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ከአቧራው መራቅ ማለት ከእኛ መራቅ ማለት ነበር። ኢድ እንዳለፈ ኡዘይር በኢሱዙው ሊወስድህ መጣ። ጋቢና ገብተህ፣ በመስኮቱ እጄን ይዘህ አስማልከኝ። «ማሽኑን እንዳታቆሚ። መጋዙ ከቆመ ሰው ከድሩ ሞተ ይላል።» «ወላሂ አላቆምም» አልኩህ። አንተ መቼም ቀልድ አይለቅህ፣ እያሳልክ «መሐላሽን ካፈረስሽ አሥር ሚስኪን ታበያለሽ፤ ከፋራው እሱ ነው» አልከኝ። «እኔ አበላለሁ እንጂ አላፈርስም» ብዬ ሣቅሁ። መኪናው ሲታጠፍ ግን ሣቄ አብሮ ታጠፈ።

እንግዲህ ሁለት ነገር በእጄ ቀረ። ማሽኑ እንዳይቆም፣ አንተም እንድትመለስ። በሁለቱ መሃል የቆመው ሰጋቱራው ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ያለውን ክምር ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃለህ። ለእንግዳ አቅጣጫ ሲናገሩ እንኳ «የከድሩ ተራራ ጋ ስትደርስ ውረድ» ነው የሚሉት። ገና መጋዙን የተከልክ ዕለት «ሰጋቱራ አይሸጥም፣ ሶደቃ ነው፤ ጆንያ ያለው ሁሉ ይውሰድ» ብለህ ነበርና፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ምድጃዋን ከእኛ ጓሮ ነው የምትሞላው። ታውቀዋለህ፤ የቀለም ጣሳ መሃል ጠርሙስ አቁመው፣ ሰጋቱራውን ዙሪያውን ጠቅጥቀው፣ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ነቅለው፣ ከሥር ይለኩሱታል። አንድ ጣሳ ምሳና እራት ያበስላል። ነገር ግን መጋዙ በቀን የሚተፋውን ሰፈሩ በሳምንት አይጨርሰውም። ተራራው ከዓመት ዓመት አደገ፤ ንፋስ በነሣ ቁጥርም በመስኮታችን ይገባል። አንተን ያሳመመህ ይኸው ክምር ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህን ካስወገድኩ ባሌ ይመለሳል አልኩ።

ለማወቂያ እንዲሆነኝ ማታ ማታ ጥቁር ሻሼን አንተ በምትተኛበት በኩል ትራሱ ላይ እዘረጋለሁ። ጠዋት ሳላራግፍ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የጤፍ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር። ለካ ይህን ስትስብ ነው የኖርከው! እኔና ሚንሃም ስንስበው ኖረናል፤ ወስጄ አስመርምሬያለሁ፣ ምንም አልተገኘብንም፣ አትጨነቅ።

የመጀመሪያው ብልሃቴ ውሃ ነበር። ጎማ ስቤ ክምሩን ጠዋትና ማታ አርሰው ጀመር። ንፋስ ሲመጣ አይነሣም፤ እኔ ነኝ ያለች ሴት ሆንኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ከእኔ የበለጠ አራሰው። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ የሚያርሱት ኦቦ ኢፋ አንድ ጎመን ከነሥሩ ነቅለው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ጅርታ፣ ሰብሪያ?»

«ነጋ፣ ኦቦ ኢፋ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። መጀመሪያ ይችን እይልኝ።» ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። «ወንዙ ሻይ ሆነ፣ ልጄ። የእኔ ጎመን ደግሞ ሻይ አይጠጣም።»

ሣቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። ተከትያቸው ወርጄ አየሁት። ከክምራችን ሥር የሚወጣው ውሃ ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ እየተንኳለለ ወደ ወንዙ ይገባል። «ከድሩ ቢያይ ምን ይል ነበር?» አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ውሃ ማጠጣቱን ተውኩ፤ ከክምሩ ግርጌ ቦይ አስቆፍሬ ፍሳሹ ጉድጓድ እንዲገባ አደረግኩ። ኦቦ ኢፋ ራሳቸው ዶማ ይዘው መጥተው አገዙን። ጎመኑን ግን ትተውልኝ አልሄዱም።

ትልቁ ጥፋት የታየኝ በመስከረም ነው። ይህን የምነግርህ ሁሉም ሰው ደህና ስለሆነ ነው፤ እንዳትደነግጥ። ላዩ ሲረጥብ ሴቶቹ ደረቁን ፍለጋ ከሥር መቆፈር ጀምረው ኖሯል። ጣሳ ምድጃ እርጥብ ሰጋቱራ አይወድም፣ ያጨሳል። እያንዳንዷ በየቀኑ ከግርጌው አንድ ጆንያ ታወጣለች። እኔ ከላይ ሳጠጣ፣ እነሱ ከታች ሲምሱ፣ ላዩ ተጣብቆ እንደ ግንብ ቆሟል፣ ሥሩ ዋሻ ሆኗል። ማናችንም አላስተዋልንም።

ብርሃነሽን ታስታውሳታለህ፤ ከሆሳዕና የመጣችው፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የምትሸከመው። አንድ እሑድ እሷና ተረፈ ከቸርች አብረው ተመለሱ። ተረፈ ልብሱን ሊቀይር ወደ ክፍሉ ገባ፤ እሷ እንደ ልማዷ እየዘመረች ጆንያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። መዝሙሩ በመሃል ቁርጥ አለ። ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ሰጋቱራ ሲወድቅ አይጮህም። ዞር ብዬ ሳይ ተራራው ግማሹ የለም።

«ተረፈ!» ብዬ የጮህኩትን ጩኸት መቼም አልደግመውም። እሱ በጣውላ፣ እኔ በድስት ክዳን፣ ጎረቤት በእጁ፣ ቆፈርነው። መጀመሪያ ነጠላዋ ታየ፣ ከዚያ እጇ። ውስጡ ትኩስ ነበር፣ ከድሩ። እጃችንን ስናስገባ እንደ ገንፎ ያቃጥላል፤ እንፋሎት ይወጣል። ያ ሁሉ እርጥብ ክምር ውስጥ ውስጡን እየጋለ ቆይቷል። ጎትተን ስናወጣት ፊቷ ቀልቷል፣ ከአፍንጫዋም ከአፏም ሰጋቱራ ትተፋለች። ትንፋሽ ስትስብ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ስንት ሌሊት አጠገቤ ተኝተህ ሰምቼዋለሁ።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። «ጌታ ይባረክ!» አለች። ቀጥላም «ጆንያዬስ?»

ተረፈን ሣቅ ገደለው። ጎረቤቱም ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሶደቃ ብለን ያስቀመጥነው ነገር ሰው ሊበላ ነበር።

ተረፈ ሣቁን ሲጨርስ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ካልፈረሰ አንድ ቀን ይነዳል። ማሽኑም ቤቱም አብሮ ይሄዳል» አለኝ። «ይፍረስ» አልኩት።

ማፍረሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካስ ትልቁ ጉዳይ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ወንዝ ዳር መድፋት የለም፤ ኦቦ ኢፋ አሉ። ማቃጠልም የለም፤ ጭሱ ሰፈሩን ያሳምማል። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ጥቁር የሆነውንና የበሰበሰውን ኦቦ ኢፋ በጋሪ እየጫኑ ወሰዱት፤ ከከብት እበት ጋር ደባልቀው ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩታል። «ቶሎ ማሳ ላይ ቢደፉት መሬቱን ያስርበዋል፤ ይብሰል መጀመሪያ» አሉ። ደረቁን ደግሞ ሱሉልታ ዶሮ የምታረባው ፀዲ ለጉዝጓዝ ወሰደችው። ፀዲን አታውቃትም፤ አፈ ፈጣን ናት። መጀመሪያ ስትመጣ በእጇ እየዘገነች፣ እያሸተተች፣ «ቀለም የነካው የለውም አይደል? ዶሮዎቼ ከእኔ ይልቅ ቀበጥ ናቸው» አለችኝ። ከዶሮዎቹ ሥር የወጣውን መልሳ ለኦቦ ኢፋ ትልካለች። አየህ፣ እኛ መሃል ላይ ቆመን አገር አገናኘን።

ጥቅምት ሲያልቅ መሬቱ ታየ። ከሁሉም ሥር ምን እንዳገኘን ልንገርህ? የሚንሃን ቀይ ጫማ። መራመድ የጀመረች ሰሞን አንዱ ጠፍቶ «ዶሮ ወሰደው» ብለህ ያስለቀስካት። ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ሚንሃ እግሯ ላይ ልታጠልቀው ሞከረች፤ አውራ ጣቷ ብቻ ገባ። አንተ በሌለህበት ስታድግ አየኋት። ጫማውን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

ተራራው ሄደ፤ ጎረቤት ሁሉ «ግቢሽ ሰፋ» አለኝ። ያን ማታ ሻሼን ዘርግቼ እንቅልፍ እንኳ በደንብ አልወሰደኝም። ጠዋት ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አሁንም አለ።

እንደ በፊቱ አይደለም፤ ቀጭን ነው፤ ግን አለ። ተስፋ አልቆረጥኩም። ተረፈ ከበያጅ ጋር ተማክሮ ከአሮጌ በርሜል መሳቢያ ሠራ፤ መጋዙ የሚተፋውን በቱቦ ስቦ ጆንያ ውስጥ ይከታል። በመጋዙና በቤቱ መሃል ከላይ እስከ ታች ሸራ ሰቀልን። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። አልጋችንን ወደ ወዲያኛው ክፍል አዛወርኩት፤ ሚንሃም አብራኝ መተኛት ጀመረች። ሠራተኞቹ አፋቸውን እንዲሸፍኑ አስገደድኩ፤ ተረፈ «ሙሽራ መሰልኩ» እያለ ቢያማርርም ይሸፍናል። ሻሹ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት በጣት የሚጻፍበት ያህል አይጠፋም። አንድ ቀን ተናድጄ በጣቴ «ከድሩ» ብዬ ጻፍኩበት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚንሃ አይታው ኖሮ ከሥሩ «ና» ብላ ጨምራበታለች።

እሱን ስመለከት ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ስንት ወር የታገልኩት ከወደቀው ሰጋቱራ ጋር ነው። የወደቀው ይጠረጋል፣ ይጫናል፣ ዶሮ ይተኛበታል። አንተን ያሳመመህ ያልወደቀው ነው። እሱን ደግሞ ውሃም ሸራም በርሜልም አያቆመውም። ይህን ስረዳ ብዙ አልተከራከርኩም። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና ወደ ግቢ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በደብዳቤ አልዘረዝርልህም። ሻሹ ግን አሁን ንጹሕ ነው። ዛሬ ጠዋትም አየሁት፣ ንጹሕ ነው። አልጋችንን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ።

የሰፈር ወሬ ትወዳለህና ጥቂት ልጨምርልህ። ተረፈ ሰበታ ሌላ መሰንጠቂያ ቤት ጥሩ ሥራ ይዟል። እኔው ነኝ ያስገባሁት። ሲሰናበተኝ የመጋዙን ጥርስ አንድ በአንድ ሞርዶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ሸራ አልብሶት ሄደ። ማሽኑ ደህና ነው፤ ዝገት አይነካውም። ጣውላና ሞራሌ ከሰበታ ተሰንጥቆ ይመጣልናል፤ ደንበኛው ያው ደንበኛችን ነው፣ በሩ ላይ ያለውም ስም ያው ያንተ ስም ነው። ገበያው እንደ ቀድሞው ነው አልልህም፣ አይደለም፤ ግን ይበቃናል። ሚንሃ ጓሮ ተቀምጣ ስታነብ ፉጨቷ እስከ ማዕድ ቤት ይሰማኛል። አዛን ሲባል ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይሰማል። የኦቦ ኢፋ ራዲዮ የኦሮምኛ ዜናውን ሲናገር እዚህ ሆኜ እከታተላለሁ፤ እሳቸውም «ኦሮምኛሽ ተሻሽሏል» ብለውኛል።

ብርሃነሽ ባለፈው ሰሞን ጆንያዋን ይዛ መጣች። ደረቷ ድኗል፤ ድምፅዋም እንደ ድሮው ነው። ጓሮውን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች። ለሷ የምሰጣት አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ እንኳ አልነበረኝም። አፍሬ ቆምኩ። ጆንያውን አጥፋ ብብቷ ሥር ከተተችውና «ከሰል እገዛለሁ፣ ምን ይሆናል! እሱ ብቻ ይምጣልሽ» አለችኝ። አቅፋኝ ሄደች። እሷ ነገሩን ባታከብደውም እኔን ከብዶኛል፤ ስትመጣ ለሰፈሩ ሴቶች አንድ መላ እንፈልግላቸዋለን።

«ከድሩ እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው ከመቼውም በዝቷል። «ይመጣል» እላቸዋለሁ። አንተ የፈራኸውን ቃል ግን እስካሁን ከአንድም ሰው አፍ አልሰማሁም።

ናፍቀኸኛል። ይህን በስልክ ለማለት አፍር ነበር፣ ሠራተኛ ይሰማል፣ ማሽኑም ይጮሃል። አሁን ልጽፈው። ሳልህን እንኳ ናፍቄያለሁ፤ ግን እሱን እዚያው ወራቤ ተወውና ና።

ሻሹን በኡዘይር ልኬልሃለሁ። ለሰባት ሌሊት ትራስህ ላይ አድሯል፤ አላጠብኩትም፣ አላራገፍኩትም። መጀመሪያ ብርሃን ላይ እየው። ከዚያ ፊትህ ላይ አድርገህ ሙሉ ትንፋሽ ሳብ። ካላሳለህ ዕቃህን ጫንና ከኡዘይር ጋር ተመለስ። ስልክ አትደውል፣ «ማሽኑን አሰሚኝ» አትበለኝ፤ ዝም ብለህ ና። በሩ ላይ ስትደርስ ከግቢው የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ብቻ ቢሆን፣ አትቆጣኝ፤ እኔም የጓጓሁት እሱን ለመስማት ነው።

አላህ ደረትህን ያስፋው፣ መንገድህን ያቅልልህ፣ ለልጅህ ያቆይህ። ለእህትህና ለልጆቿ ሰላም በልልኝ፤ ስላስታመመችህ ውለታዋን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ያንተው ሰብሪያ

ካሸግኩት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንግዳ ነበረብን። ትልቁን ድስት ጥጄ፣ ሩዝ በሥጋ ሠርቼ፣ ከመስጊዱ በር ሚስኪን ጠራሁ። ሚንሃ ሳህን ስታድል ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። አሥር ነበሩ። ጠግበው ሲነሡ እጃቸውን ዘርግተው ላንተ ዱዓ አደረጉልህ።